አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ (1860 – 1940 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ የቋንቋ መምህርና የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መጽሐፍ ተብሎ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችባቸው በሁለቱም ጊዜያት ከወራሪው ጎን ስለቆሙ ስማቸው ከባንዳነት ጋር ተያይዞ ይነሣል። በዚህ ምክንያት ጦቢያን የሚወዱ አንባቢዎች ስለ ደራሲው ምን ማለት እንዳለባቸው እስካሁን ይከራከራሉ።

ልደትና ትምህርት

አፈወርቅ የተወለዱት በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ለባሕር ዳር ቅርብ በሆነችው በዘጌ ነው። ዘጌ በገዳማቷና በቡናዋ የታወቀች ስትሆን እሳቸውም የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙት እዚያው ነው። የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ እንደነበሩ ይነገራል። ወደ ሸዋ መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ቤት ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1887 ለትምህርት ወደ ኢጣልያ ተላኩ፤ በቶሪኖ ከተማም በአልቤርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። ተመልሰው በቤተ መንግሥት በሠዓሊነት ሲያገለግሉ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር መቃቃራቸው ይጠቀሳል።

የመጀመሪያው ክህደት

እ.ኤ.አ. በ1894 የምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊዙ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ከጉግሣ ዳርጌና ከቅጣው ዘአማኑኤል ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ኔሻቴል ከተማ ሄዱ። ጦርነቱ ሲቃረብ ግን ሦስቱም ትምህርታቸውን ትተው ወደ ኢጣልያ ኮበለሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አድዋ ላይ ድል ሲያደርግ አፈወርቅ ከተሸናፊው ወገን ነበሩ። ወደ አገራቸው መመለስ ስላልቻሉ ለብዙ ዓመታት በኢጣልያ ኖሩ፤ ኢጣልያዊት ሴትም አገቡ።

መጻሕፍት

በኢጣልያ ሳሉ በኔፕልስ (ናፖሊ) የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ከፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ጋር አማርኛ ያስተምሩ ነበር። አብዛኞቹን መጻሕፍታቸውን የጻፉት በዚህ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የአማርኛ ሰዋስው በጣልያንኛ፣ በ1908 ደግሞ ለአገር ጎብኚዎች የሚሆን የመንገድ መሪ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አሳተሙ። በ1911 ስለ አማርኛ ግሥ የጻፉት መጽሐፍ ወጣ።

ከሁሉም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ተማርኮ ሳለ ነው። ዋህድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት። አንድ የማይታወቅ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ አባትዬውን ያስለቅቀዋል። ዋህድ ያንን ባለውለታ ፈልጎ ብድሩን ለመክፈል ሲነሣ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ወድቆ ይሸጣል። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ አረመኔው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል፣ ዋህድም ከንጉሡ ዘመድ ጋር ይጋባል። «ጦቢያ» በሕዝብ አነጋገር የኢትዮጵያ ስም በመሆኑ ብዙዎች ልጅቷን የአገሪቱ ምሳሌ አድርገው ያነቧታል።

ዳግማዊ ምኒልክ እና የመተማው ሐዘን

በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው «ዳግማዊ ምኒልክ» የንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ ነው። መጽሐፉ ምኒልክን እጅግ ያወድሳል፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ግን በብርቱ ይነቅፋል። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በዚያው ቁስል ሕይወታቸው አልፏል። ዛሬ ከገንዳ ውሃ አልፎ በሱዳን ድንበር ላይ የምትገኘው ከተማ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእሳቸው ስም ነው። ለጠረፉ ሰው ዐፄ ዮሐንስ ድንበር ሲጠብቁ የወደቁ ንጉሥ ናቸው።

በዚያው ጦርነት ከሞቱት ወታደሮች አንዱ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አባት ነበሩ። ገብረ ሕይወት አድገው በአውሮፓ ከተማሩ በኋላ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚል ጽሑፍ ጻፉ፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ1912 አሥመራ ውስጥ «ብርሃን ይሁን» በተባለ መጽሐፍ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ታሪክ ጸሐፊ የሚመለከት ልቦና፣ የማያደላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው ያስረዱና የአፈወርቅን መጽሐፍ በአድልዎ ይነቅፋሉ። አባታቸው የሞቱለትን ንጉሥ የሚያንቋሽሸውን መጽሐፍ ግን አንብበውታል፤ ነቀፌታቸውም በጸሐፊው ሥራ ላይ ያነጣጠረ ነው። በአማርኛ የታተመ መጽሐፍን በጽሑፍ ከመዘኑት ቀደምት ሰዎች አንዱ ገብረ ሕይወት ናቸው።

መመለስና ሹመት

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ ኤርትራ ተሻገሩ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የአድዋው ጉዳይ ሳይረሳ ቢቆይም የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት ስለነበር መንግሥት ተቀበላቸው። የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ከዚያም በውጭ አገር ዜጎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሡ ክሶችን የሚያየው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። እስከ ሁለተኛው ወረራ ዋዜማ ድረስ ደግሞ በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። በዚያ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሌላው ታላቅ ደራሲ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

የወረራው ዘመንና ሞት

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ የሁለቱ ደራሲዎች መንገድ ተለያየ። ኅሩይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተሰደው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በ1931 ዓ.ም. አረፉ። አፈወርቅ ግን ለወራሪው መንግሥት አድረው «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግ ተቀበሉ፤ የቄሣርን መንግሥት የሚያሞግሱ ጽሑፎችም ጻፉ። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ተይዘው ተፈረደባቸው፤ ወደ ጅማም ተጋዙ። በዚያም ዓይናቸው ጠፍቶ በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሞቱ።

መጽሐፉና አንባቢዎቹ

ደራሲው ከተፈረደባቸው በኋላም ጦቢያ አልተጣለችም። መጽሐፉ በአገር ውስጥ እንደገና ታትሟል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመውታል፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ትምህርትም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

በአንባቢዎች ዘንድ ሦስት ዓይነት አቋም ይታያል። አንደኛው ወገን የጻፈው ማንም ይሁን መጽሐፉ በራሱ ይመዘን ይላል። ሁለተኛው ወገን የባንዳን መጽሐፍ ማወደስ በአርበኞች ደም ላይ እንደመሳለቅ ነው ባይ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባል፤ ብድሩን ለመክፈል ሲል ባሪያ የሆነውን ዋህድን የፈጠረ ብዕር ለአገሩ ያለበትን ብድር አለመክፈሉን ሳይሸሽግ መጽሐፉን ይወዳል። ገብረ ሕይወት በ«ዳግማዊ ምኒልክ» ላይ ካደረጉት ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ይህ ሦስተኛው ነው።

«ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ የጽሑፍ ዓይነት መጠሪያ የሆነው ከአፈወርቅ መጽሐፍ ርእስ ተወስዶ ነው። በመሆኑም በአማርኛ ስለ ልብ ወለድ የሚናገር ሁሉ፣ ደራሲውን የሚጠላውም ቢሆን፣ የእሳቸውን ቃል ይጠቀማል።