ኦክታቪያኖ ላራዞሎ፦ በ388 ድምፅ ከተሸነፉበት ምርጫ እስከ አሜሪካ ሴኔት

በአውሮፓውያኑ 1908 ከ54 ሺህ በላይ የኒው ሜክሲኮ መራጮች በዋሽንግተን ኮንግረስ የሚወክላቸውን ሰው ለመምረጥ ድምፅ ሰጡ። ቆጠራው ሲጠናቀቅ አሸናፊው የሪፐብሊካን ፓርቲው ዊልያም አንድሩስ ሆኑ። የዴሞክራቲክ ፓርቲው ኦክታቪያኖ ላራዞሎ የተበለጡት በ388 ድምፅ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊትም በዚሁ ተፎካካሪ የተሸነፉት በ266 ድምፅ ነው።

እንዲህ ባለ ጠባብ ልዩነት የተሸነፈ እጩ እያንዳንዱ ድምፅ የት እንደቀረ መጠየቁ አይቀርም። ላራዞሎ ያገኙት መልስ የራሳቸውን የፖለቲካ ሕይወት ብቻ ሳይሆን፣ በአሜሪካ የስፓኒሽ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ጋር ያለውን ግንኙነት ጭምር የሚመለከት ነበር።

ከቺዋዋ እስከ ቴክሳስ

ላራዞሎ የተወለዱት በ1859 በሰሜናዊ ሜክሲኮ፣ በቺዋዋ ክፍለ ግዛት በምትገኘው አዬንዴ ነው። በ1870፣ ገና አሥራ አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ፣ ፈረንሳዊውን የካቶሊክ ጳጳስ ዣን ባፕቲስት ሳልፕዋንትን ተከትለው ድንበር ተሻገሩና በአሪዞና ቱሳን ከተማ መኖር ጀመሩ። በጳጳሱ አሳዳጊነት ተምረው ትምህርታቸውን በሳንታ ፌ በሚገኘው የቅዱስ ሚካኤል ኮሌጅ አጠናቀቁ።

ከዚያ በኋላ በቴክሳስ ኤል ፓሶ አውራጃ በመምህርነት አገለገሉ። በ1884 የአሜሪካ ዜግነት ሲያገኙ ፓርቲ መረጡ። የመረጡትም በወቅቱ ቴክሳስን ይመራ የነበረውን የዴሞክራቲክ ፓርቲ ነው። ከማስተማሩ ጎን ሕግ እያጠኑ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1888 የጥብቅና ፈቃድ አገኙ፤ ቀጥሎም በሕዝብ ድምፅ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመረጡ። በ1895 ኑሯቸውን ወደ ኒው ሜክሲኮዋ ላስ ቬጋስ አዛወሩ። ይህች ላስ ቬጋስ በቁማር ከምትታወቀው የኔቫዳ ከተማ የተለየች፣ የባቡር ሐዲድና የበግ ንግድ ያደመቃት ከተማ ነበረች።

የተከፋፈለ ግዛት

ኒው ሜክሲኮ ያን ጊዜ ገና ሙሉ ክፍለ ግዛት አልሆነችም። ገዥዋ ከዋሽንግተን ይሾማል፤ ወደ ኮንግረስ የምትልከው አንድ ተወካይም መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት አይፈቀድለትም። አብዛኛው ነዋሪዋ ስፓኒሽ ተናጋሪ ነበር። ብዙዎቹ እንደ ላራዞሎ ከድንበር ማዶ የመጡ አልነበሩም። አሜሪካና ሜክሲኮ በ1848 የጓዳሉፔ ኢዳልጎን ስምምነት ሲፈራረሙ፣ አያቶቻቸው ከቀያቸው ሳይንቀሳቀሱ በሌላ አገር መንግሥት ሥር የወደቁ ናቸው።

የዚህ ማኅበረሰብ ድምፅ ለረጅም ጊዜ የሪፐብሊካኖች ነበር። ፓርቲው በመንደሩ ሥራም፣ ብድርም፣ ሹመትም የሚሰጡትን ባለርስቶችና የበግ ከበርቴዎች ይዟል። ከእነዚህ አንዱ የቫሌንሲያ አውራጃው ሶሎሞን ሉና ሲሆኑ፣ በአውራጃቸው ለፓርቲያቸው የሚያስገኙት ድምፅ አስቀድሞ የታወቀ ያህል ነበር። ዴሞክራቶች ደግሞ የተጠናከሩት በምሥራቁ ወገን ነው። አካባቢውን ትንሿ ቴክሳስ እስከ ማሰኘት ድረስ ከቴክሳስ የፈለሱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ሰፍረውበታል።

በ1900፣ በ1906 እና በ1908 ዴሞክራቶች ላራዞሎን ለኮንግረስ ያጩት በዚህ ስሌት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ሕዝብ የሚያስደምም ንግግር የሚያደርጉት ጠበቃ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪውን ከሪፐብሊካኖች ጉያ ያወጡታል ተብሎ ታሰበ። ስሌቱ በከፊል ሠርቷል። ሪፐብሊካኖች ለዓመታት በተቆጣጠሩት ግዛት ውድድሩ በጥቂት መቶ ድምፆች ወደሚወሰንበት ደረጃ ደረሰ።

ጉድለቱ የታየው ባልተጠበቀ በኩል ነበር። በምሥራቅ አውራጃዎች ለሌሎቹ የዴሞክራት እጩዎች ድምፃቸውን የሰጡ መራጮች፣ ሜክሲኮ የተወለደው እጩ ስም ላይ ሲደርሱ ዘለውት አለፉ። የ1906ቱን ውጤት ላራዞሎ በኮንግረስ ፊት ተቃውመው ነበር፤ ወንበሩ ግን የአንድሩስ ሆኖ ጸና።

ፓርቲ የቀየሩበት ዓመት

በ1910 ኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት ለመሆን ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ስትጀምር፣ የስፓኒሽ ተናጋሪዎች መብት በጽሑፍ እንዲሰፍር ከታገሉት መካከል ላራዞሎ ይገኙበታል። በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት ማንም ዜጋ እንግሊዝኛ ወይም ስፓኒሽ መናገር፣ ማንበብ ወይም መጻፍ ስላልቻለ የመምረጥና ሥልጣን የመያዝ መብቱ አይገደብም። የስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆችም በተለየ ትምህርት ቤት እንዲገለሉ አይደረግም። ድንጋጌው በቀላሉ እንዳይሻር ጥብቅ ቁልፍ ተበጀለት፦ ለማሻሻል በመላው ክፍለ ግዛት ከመራጩ ሦስት አራተኛ፣ በእያንዳንዱ አውራጃ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

በ1911 ለመጀመሪያው የክፍለ ግዛት ምርጫ ፓርቲዎች እጩ ሲያቀርቡ፣ ላራዞሎ ለዴሞክራቶች አንድ ጥያቄ አነሱ። ስፓኒሽ ተናጋሪው ከሕዝቡ እኩሌታ በላይ ስለሆነ ከእጩዎቹ ግማሾቹ ከእርሱ ወገን ይሁኑ የሚል ነበር። ጉባኤው አልተቀበላቸውም። ላራዞሎም ከ25 ዓመታት በላይ የኖሩበትን ፓርቲ ጥለው፣ ሁለት ጊዜ በጥቂት ድምፅ ያሸነፋቸውን የሪፐብሊካን ፓርቲ ተቀላቀሉ።

ለቀድሞ ጓዶቻቸው ይህ ክህደት ነበር። ላራዞሎ ግን የሚያነሱትን ጥያቄ አልቀየሩም፤ የቀየሩት ጥያቄውን የሚያቀርቡበትን ቤት ነው። በአዲሱ ፓርቲያቸውም ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ከድምፃቸው ብዛት ጋር የሚመጣጠን ሥልጣን ሊያገኙ ይገባል ማለታቸውን ቀጠሉ። ከእርሳቸው በተቃራኒ በዴሞክራቲክ ፓርቲ የቆዩት ኤሴኪየል ካቤሳ ዴ ባካ በ1911 ምክትል ገዥ፣ በ1916 ደግሞ ገዥ ሆነው ተመረጡ። ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ወር ግን ሕይወታቸው አለፈ።

ከዚያ ወዲያ የትኛውም ፓርቲ ይህን መራጭ ችላ ለማለት አልደፈረም። በ1918 ለገዥነት ሪፐብሊካኖች ላራዞሎን፣ ዴሞክራቶች ፌሊክስ ጋርሲያን አቀረቡ። ማንም ቢያሸንፍ ገዥው ከስፓኒሽ ተናጋሪው ማኅበረሰብ መሆኑ አስቀድሞ ተረጋገጠ። ላራዞሎም አሸነፉ።

ፓርቲያቸው የሸሻቸው ገዥ

በጃንዋሪ 1919 ሥልጣን ሲይዙ ላራዞሎ የፓርቲ አለቆች እንደጠበቁት ታዛዥ ሆነው አልተገኙም። በስፓኒሽ ተናጋሪ አካባቢዎች መምህራን ሁለቱንም ቋንቋዎች እንዲያውቁ ገፋፉ። የገቢ ግብርን ደገፉ። በ1920 ምክር ቤቱን ለልዩ ስብሰባ ጠርተው፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጠውን የፌዴራል ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኒው ሜክሲኮ እንድታጸድቅ አደረጉ።

ሁሉም ውሳኔያቸው ከድሆች ጋር ያስማማቸው አልነበረም። በ1919 የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ በማዕድን አካባቢዎች ወታደራዊ አስተዳደር አውጀዋል፤ ከሠራተኞቹ መካከልም ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ነበሩ።

በ1920 ፓርቲያቸው ለሁለተኛ ዘመን ሳያጫቸው ቀረ። ሥልጣን ሊለቁ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው የወሰዱት እርምጃ ደግሞ ብዙ ቁጣ ቀሰቀሰ። የፓንቾ ቪያ ተዋጊዎች በ1916 የኒው ሜክሲኮዋን ኮለምበስ ከተማ በማጥቃት አሜሪካውያንን ገድለው ነበር። በዚሁ ጥቃት ተከሰው ለተፈረደባቸው 16 ሜክሲኳውያን ላራዞሎ ምሕረት አደረጉ። መነሻቸው ሰዎቹ የአለቃቸውን ትእዛዝ የፈጸሙ ተራ ወታደሮች ናቸው የሚል ነበር። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ቢሄድም የምሕረቱ ሕጋዊነት ጸና።

ሦስት ወር በሴኔት

ላራዞሎ ወደ ጥብቅና ሙያቸው ተመለሱ። በ1924 ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ ቆየት ብሎ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆኑ። የኒው ሜክሲኮው ሴኔተር አንድሪየስ ጆንስ በ1927 መጨረሻ ሲሞቱ፣ ቀሪውን ጊዜ የሚያሟላ ሰው በ1928 ምርጫ እንዲለይ ተወሰነ። ሪፐብሊካኖች ላራዞሎን አቀረቡ፤ መራጩም ደገፋቸው።

ዲሴምበር 7 ቀን 1928፣ በ69ኛ የልደት ቀናቸው፣ በሴኔት ወንበራቸውን ያዙ። በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው የላቲኖ ሴኔተርም ሆኑ። ነገር ግን ዘመኑ በማርች 1929 የሚያበቃ አጭር ዘመን ነበር፤ ጤናቸውም ከድቷቸዋል። ለኒው ሜክሲኮ ወጣቶች የሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ኤፕሪል 7 ቀን 1930 በአልበከርኪ አረፉ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ዴኒስ ቻቬዝ የተባሉ ስፓኒሽ ተናጋሪ የኒው ሜክሲኮ ጠበቃ ለኮንግረስ ተመረጡ። ላራዞሎ በ1908 ያጡትን ድል ያገኙት በዚያው በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስና የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሥራና የእርዳታ መርሐ ግብሮች ስፓኒሽ ተናጋሪውን መራጭ ወደ ዴሞክራቶች ሳቡት፤ ቻቬዝም ከ1935 እስከ 1962 በሴኔት ቆዩ።

ዛሬም ያ ሚዛን ተመልሶ እየተንቀሳቀሰ ነው። በ2024 ነዋሪዎቿ በአብዛኛው የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው የቴክሳሷ ስታር አውራጃ፣ ከ1892 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ እጩ አብላጫ ድምፅ ሰጥታለች። በ1892 ላራዞሎ ከዚያው ወንዝ ዳር፣ ወደ ላይ ራቅ ብላ በምትገኘው ኤል ፓሶ፣ በዴሞክራትነት የሚያገለግሉ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ።

የላራዞሎን ዘመን ያሳለፉት ፓርቲዎች የመራጩን ድምፅ ደጋግመው ተለዋውጠውታል። ዜጋ በቋንቋው ምክንያት ከምርጫ እንዳይገለል የሚያዘው አንቀጽ ግን እስካሁን ከኒው ሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አልተነሣም።