ሊሰብክ መጥቶ የታሰረው ስተርን

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት እስኪደርስ የሚያቋርጠው ሰፊ ሜዳ ወገራ ነው። ከፊት ለፊት የሰሜን ተራሮች ይታያሉ። ቄስ ሄንሪ አሮን ስተርን በጥቅምት 1863 (እ.ኤ.አ.) የዐፄ ቴዎድሮስን ድንኳን ያየው በዚሁ በወገራ ነበር። ሳይሰናበት ማለፍ ነውር መስሎት ጎራ አለ። ባያደርገው ይሻለው ነበር።

ስተርን በ1820 በጀርመን ምድር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በ1840 ለንደን ውስጥ ክርስትና የተቀበለ ሰው ነው። በባግዳድና በቁስጥንጥንያ ካገለገለ በኋላ በ1859 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ሥራው በደምቢያ፣ በወገራና በሰሜን ይኖሩ ለነበሩት ቤተ እስራኤላውያን መስበክ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎች የሚያስታውሱት በሻንጣው ይዞት በመጣው ካሜራ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች በአገራችን ፎቶግራፍ ካነሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል ይቆጥሩታል። በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት ቀላል አልነበረም፤ መስተዋቱ፣ ኬሚካሉ፣ ጨለማ ድንኳኑ ሁሉ በበቅሎ ይጫናል። በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። ያ መጽሐፍ በኋላ ጉድ አመጣበት።

በ1863 ሲመለስ ጊዜው ተለውጧል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰባት ዓመት በፊት አይደለም፤ ከስምንት ዓመት በፊት በየካቲት 1855 ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም የነገሡት ቴዎድሮስ አሁን በየአቅጣጫው አመፅ ከቧቸዋል። የሚያምኗቸው ሁለት እንግሊዛውያን፣ ቆንስል ፕላውደንና ዮሐንስ ቤል፣ በ1860 ተገድለዋል። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤም መልስ አላገኘም።

ስተርን ወደ ድንኳኑ የቀረበው እንዲህ ባለ ቀን ነው። የአስተርጓሚዎቹ ነገር ንጉሡን አስቆጣና ሁለቱ እስኪሞቱ ተደበደቡ። ስተርን በድንጋጤ እጁን ወደ አፉ ወሰደ። ጣት መንከስ ደግሞ በእኛ አገር የቂም ምልክት ነው። እሱም ክፉኛ ተደብድቦ ታሰረ። ወረቀቶቹ ሲበረበሩ፣ መጽሐፉም ሲመረመር የንጉሡ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚል ተገኘ። ጎንደር ላይ ተከሶ ተፈረደበት። በጥር 1864 ቆንስል ካሜሮንም ታሰረ፤ በኋላም እስረኞቹ ወደ መቅደላ ወጡ። እጅና እግር ባንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር።

በ1866 መጀመሪያ መልእክተኛው ሆርሙዝድ ራሳም ሲመጣ ጥቂት ተስፋ ታይቶ ነበር፤ ወዲያው እሱም ከነጓደኞቹ እስረኛ ሆነ። ስተርን ነፃ የወጣው ጄኔራል ናፒየር አሮጌ ላይ ድል ካደረገ በኋላ በሚያዝያ 1868 ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ሰሞን ራሳቸውን ሰዉ።

የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶ አንሺዎች፣ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮችን፣ ይዞ ነበር። ነፃ የወጡትን አውሮፓውያን በቡድን አሰልፈው አነሷቸው። ሥዕሎቹን ሳያቸው ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ እስሩ የለባቸውም። ሰንሰለቱ ወልቋል፣ ጎጆው አይታይም፣ ከእነሱ ጋር በመቅደላ ይማቅቁ የነበሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞችም ከክፈፉ ውጪ ናቸው። ካሜራ የሚያውቀው ሰው አራት ዓመት ተኩል ሲታሰር ካሜራ አልነበረውም። ያየውን በብዕር ብቻ ጽፎ በ1868 አሳተመው።

ከዚያ ዘመቻ በዓለም ይበልጥ የታወቀው ፎቶ የሌላ ሰው ነው፤ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት በ1868 ተቀምጦ የተነሳው። ልዑሉ አገሩን ዳግም ሳያይ በ1879 አረፈ። ስተርን ደግሞ ለንደን ውስጥ ስብከቱን ቀጥሎ በ1885 ሞተ።