ሉዊ ፓስተርና ያልሰመረለት ፈተና

አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር የሚባለውን ሰፈር የማያውቅ ጥቂት ነው። ስሙ የመጣው ቀድሞ በአካባቢው ይሠራ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ተቋሙም የተሰየመው በፈረንሳዊው ሳይንቲስት በሉዊ ፓስተር ነበር። የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ያስገኘው ይህ ሰው በወጣትነቱ በፈተና ደጋግሞ መደናቀፉን ግን ብዙዎቻችን ልብ ያልነው አይመስለኝም።

ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለና በኋላ በቆዳ አልፊነት የሚተዳደር ሰው ነበር። ልጁ በ1838 ለትምህርት ፓሪስ ቢላክም የቤት ናፍቆት አላስቀምጥ ስላለው፣ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሄዶ መለሰው። በ1841 የሳይንስ የማጠናቀቂያ ፈተና ወሰደና ወደቀ። በተከታዩ ዓመት ዲዦን ላይ ተፈትኖ አለፈ፤ በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት ግን ዝቅተኛ ነበር።

በዚያው በ1842 ፓሪስ ለሚገኘው ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር የመግቢያ ፈተና ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ ከመላ ፈረንሳይ ተወዳድረው የሚገቡበት፣ ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ የሆነ ነው። ፓስተር የመጀመሪያውን ዙር ቢያልፍም ደረጃው ከ22 ተወዳዳሪዎች 15ኛ ሆነ። በዚህ ውጤት መቀጠል አልፈለገም፤ ለከርሞ እንደገና ለመወዳደር ወሰነ።

እኔን የሚገርመኝ መወሰኑ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ያሳለፈበት መንገድ ነው። ፓሪስ በሚገኝ አዳሪ ቤት ገብቶ ለታናናሾቹ ሒሳብ እያስተማረ ክፍያ ተቀነሰለት። ሊሴ ሴንት ሉዊ ትምህርቱን ይከታተላል፤ ሶርቦን እየሄደ የታዋቂውን ኬሚስት የዣን ባቲስት ዱማን ንግግር ያዳምጣል። ዝቅተኛ ውጤት ያገኘበት ኬሚስትሪ የሕይወቱ ፍቅር የሆነው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1843 ተፈትኖ 4ኛ ወጣና ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል። በ1848፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ በክሪስታሎች ላይ ባደረገው ምርምር ኬሚስቶችን አስደነቀ። በ1857 ወደዚያው ትምህርት ቤት የሳይንስ ጥናት ዳይሬክተር ሆኖ ተመለሰ። በ1868 የግራ ጎኑ ሽባ ቢሆንም ሥራውን አላቆመም። በ1885 እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ከተበ፤ ልጁም ዳነ። ፓስተር በ1895 አረፈ።

ሕግ እንደተማረ ሰው ነገሩን በራሴ ቋንቋ ልግለጸው። የፈተና ውጤት ፍርድ ቢሆን እንኳ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ነው። ይግባኝ ግን በምኞት አይቀርብም፤ ጊዜ፣ ማስረጃና የሚሰማ ችሎት ይፈልጋል። ፓስተር ተስፋውን የጠበቀው ስለተጽናና አይደለም፤ የሚያጠናበት ቦታ፣ የሚያዳምጠው መምህር፣ ዳግም የሚፈተንበት በርና ያልተቆጣ አባት ስለነበሩት ጭምር ነው።

በአገራችን በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል የማለፊያ ነጥብ ያገኙት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ናቸው። ሁሉም ፓስተር ይሆናሉ አልልም፤ እንዲህ ብሎ ማባበልም ልጆቹን መናቅ ነው። ነገር ግን ወደቀ የሚለውን ቃል ከውጤቱ አንስተን በልጁ ላይ የምንለጥፍ እኛ ቤተሰቦች፣ መምህራንና ጎረቤቶች ነን። ዓመቱን በኀፍረት ቤት ተዘግቶ የሚያሳልፍ ልጅ በሚቀጥለው ፈተና ምን ይዞ ይቀርባል? ልጁን ከመውቀስ በፊት ዘንድሮ የት እንደሚያጠና፣ ማን እንደሚያስተምረው፣ ፈተናውን ትቶ ሙያ መማር ከፈለገም በየትኛው በር እንደሚገባ አብረነው እንወስን። ተስፋ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።