የግራኝን ልብስ ማን ይልበስ?

ቴአትር ለመጫወት የሚሰበሰቡ ተማሪዎች የክፉውን ሰው ድርሻ ሲያድሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ድምፁ የሚያስገመግም፣ ቅንድቡ የከበደ፣ ሲስቅ የሚያስፈራ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎን ያነበበ ሁሉ ግን ይህ ስሕተት መሆኑን ይረዳዋል። ኢያጎ ሐቀኛ እየተባለ የሚመሰገን ሰው ነው፤ የክፋቱም ጉልበት ያለው በመታመኑ ላይ ነው።

ይህን ነገር ስንጨዋወት ከመካከላችን አንዱ፣ የአገራችን ትራጀዲ ቢጻፍ ክፉው ሰው ማን ይሆናል ሲል ጠየቀ። በደጋው አገር ያደግነው ሳናመነታ ግራኝ ነው አልን። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደጉት ጓደኞቻችን ግን ዝም አሉ። እነርሱ ሰውየውን የሚያውቁት ኢማም አሕመድ በሚባለው ስሙ ነው። ግራኝ ማለት በግራ እጁ የሚሠራ ማለት ብቻ ነበር፤ ሶማሌዎችም ጉሬይ የሚሉት ይህንኑ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ፈርሶ የተገኘ ግንብ ሁሉ ግራኝ ያፈረሰው እየተባለ ስለ ኖረ ስሙ ራሱ ፍርድ ሆኗል። እንግዲህ ድርሻውን ከማደላችን በፊት ሕይወቱን መመርመር ይገባናል።

አሕመድ ኢብራሂም የተወለደው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1500 ዓ.ም. ገደማ፣ ከሐረር በማይርቀው በሁባት ነው። ገና ልጅ ሳለ የዘይላው ገዥ ኢማም ማሕፉዝ ከዓፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ጋር ሲዋጋ ሞተ። አሕመድ ካደገ በኋላ የማሕፉዝን ልጅ ባቲ ድል ወንበራን አገባ፤ ከሚስቱ ጋር የአባቷንም ደም ወደ ቤቱ አስገባ ማለት ነው። በጎልማሳነቱ ፍርዱ የተመሰገነውን ገራድ አቡንን ያገለግል ነበር። ሐረርን መናገሻው ያደረገው ሱልጣን አቡበክር ገራድ አቡንን ባስገደለው ጊዜ አሕመድ ሸፈተ፤ በመጨረሻም ሱልጣኑን ገድሎ ዑመር ዲንን አነገሠ። ዙፋኑን ለሌላ ትቶ፣ ሥልጣኑን ግን በእጁ አድርጎ፣ ኢማም በሚለው ስም ብቻ ረካ።

በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ በቍጥር እጅግ የሚበልጠውን የልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረገ። በ1523 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በ1524 ደግሞ መካነ ሥላሴ። መነኮሳት ታረዱ፣ መጻሕፍት ነደዱ፣ ብዙ ሕዝብ ለባርነት ተነዳ። ይህንን የሚሸፍን ቴአትር ቢኖር ውሸታም ነው። ነገር ግን የደጋው ነገሥታት ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ወደ አዳል እየወረዱ ከተማ ማቃጠላቸውን የሚሸፍንም ቴአትር ከዚያ የተሻለ እውነተኛ አይደለም።

ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ቆይቶ በ1533 ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ። በዚያው ዓመት በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ፖርቱጋሎች ምጽዋ ደረሱ። ኢማሙ በጥይት እግሩን ቈስሎ አፈገፈገ፤ ዳሩ ግን ከቱርኮች ነፍጠኛ አስመጥቶ በ1534 ወፍላ ላይ ድል አደረገ፤ ዳ ጋማንም ማርኮ ገደለው። የታሪኩ መዞሪያ እዚህ ላይ ነው። ጦርነቱ ያለቀ መስሎት ከቱርኮቹ 200 ያህሉን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን አሰናበተ። በየካቲት 1535 ዓፄ ገላውዴዎስ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ወይና ደጋ ላይ ደረሰበት። ኢማሙ በጥይት ተመቶ ወደቀ፤ ሠራዊቱም በዚያው ቀን ተበተነ። ያጠፋው የጠላቱ ብርታት ብቻ ሳይሆን የራሱ መተማመን ጭምር ነው፤ ይህም የትራጀዲ ባለቤት እንጂ የኢያጎ ፍጻሜ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነክቶታል። የኢማሙ ልጅ መሐመድ በዚያ ውጊያ ተማረከ። የልብነ ድንግል ልጅ ሚናስም ቀድሞ ተማርኮ ወደ የመን ተልኮ ነበር። የሟቾቹ ሚስቶች፣ እቴጌ ሰብለ ወንጌልና ድል ወንበራ፣ ተላልከው ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ባሎቻቸው በዘመናቸው ሁሉ ያልተስማሙትን ሁለቱ እናቶች ለአንድ ጊዜ ተስማሙ። የባሏ ደም ግን ለድል ወንበራ አልተረሳትም፤ የባሏን የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ ኑርም በ1551 ገላውዴዎስን ጦር ሜዳ ላይ ገደለው። ሐረርን የከበበውን ግንብ ያሠራው ይኸው አሚር ኑር ነው። ዛሬ በሸዋ በርና በቡዳ በር ስንገባ ስንወጣ የምንዳስሰው ድንጋይ የዚያ የደም መመላለስ ምስክር ነው።

እንግዲህ ልብሱን ማን ይልበስ? ኢያጎ ለክፋቱ ብዙ ምክንያት ይደረድራል፤ አንዱም አይበቃም። የኢማሙ ምክንያት ግን ሃይማኖቱ፣ አገሩና የአማቱ ደም ነበር፤ ሥራውንም የሠራው በሹክሹክታ ሳይሆን በነጋሪት ነው። ስለዚህ የሚያስገመግም ድምፅ አያስፈልገንም። ሽምብራ ኩሬ ላይ ሲዋጋ ዕድሜው ከሃያ ጥቂት ያለፈ፣ የእኛው እኩያ ነበር፤ ስለዚህ ከመካከላችን ቅን የሆነውን፣ የሚያምንበትን ነገር እስከ መጨረሻው የሚከተለውን ልጅ እንምረጥ። ያም ልጅ ከደጋው የመጣ ይሁን፤ የልብነ ድንግልን ዘውድ ደግሞ የጀጎሉ ልጅ ይድፋ። እያንዳንዱ የአያቱን ጠላት ልብስ ለብሶ በዚያ ሰው ምክንያት ለአንድ ምሽት ይናገር። ያን ጊዜ ተመልካቹ ክፉውን ሰው ፈልጎ ቢያጣው፣ በፈንታው ያገኘው ሐዘን ለሁላችንም የጋራ ይሆናል።