የእንሰት ስም ክርክርና ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ

ጅብ ስሙ ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ እንሰት ግን አይፈቀድለትም። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ማታ ማታ በሆሳዕና ዳር ዳር ሲጮህ የምንሰማው ጅብ ሳይንሳዊ ስሙ ክሮኩታ ክሮኩታ ነው። እንሰትን ግን በዚያው መንገድ ኤንሴቴ ኤንሴቴ ልበል የሚል ተመራማሪ ቢመጣ ስሙ ውድቅ ይሆንበታል። ለዚህ ነው ከሀዲያና ከከምባታ ጓሮ የማይታጣው፣ ቆጮና ቡላ የምንበላበት ተክል በዓለም መዝገብ ላይ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም ተብሎ የሰፈረው። ሁለተኛው ቃል በላቲን ሆዱ የተነፋ እንደማለት ሲሆን፣ የመጣውም ከኛ አገር ሳይሆን አንጎላ ውስጥ ከተሰበሰበ ተክል ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ? ነገሩን ለመረዳት ጄምስ ብሩስ ወደሚባል ሰው መመለስ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው በዓባይ ምንጭ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሳበኝ በእንስሳትና በዕፅዋት ስም የገባበት ጣጣ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ብሩስ ታኅሣሥ 14 ቀን 1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 የሚበልጥ፣ ፀጉረ ቀይ ሰው ነበር። ሕግ ጀምሮ ተወው። በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ አግብቶ ወደ ንግዱ ሲገባ ሚስቱ በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው። ዐረብኛ ተማረ፣ ግዕዝ አጠና፣ በ1763ም የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ሄደ።

የመጀመሪያው የስም ጸብ የተነሣው እዚያ ነው። ብሩስ አልጀርስ ሳለ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ አንዲት ትንሽ የበረሃ ቀበሮ እጁ ገባች። ሥዕሏንም አሠራ። የአገሬው ሰው ፌኔክ ይላታል። ብሩስ ግን ጉዞ ላይ ጉዞ ሲደራርብ ስለ እንስሳዋ ምንም ሳያሳትም ዓመታት አለፉ። ወደ አውሮፓ ሲመለስ ፈረንሳይ ውስጥ ታላቁን የተፈጥሮ ተመራማሪ ቡፎንን አግኝቶ ሥዕሎቹን አሳየው። ቡፎንም በ1776 ቀበሮዋን ስም የለሽ እንስሳ ብሎ አወጣት። በዓመቱ በአልጀርስ የስዊድን ቆንስል የነበረው ሰው የራሱን መግለጫ አሳተመ። በ1780 ደግሞ ዚመርማን የተባለ ጀርመናዊ እንስሳዋን ራሱ ሳያገኛት፣ ከሌሎች ጽሑፍ ተነሥቶ፣ ካኒስ ዜርዳ የሚል ሁለት ቃል ያለው ስም ሰጣት።

ብሩስ ይህን ሲያይ ተንገበገበ። በ1790 ባወጣው መጽሐፉ ላይ ስዊድናዊው የኔን አገልጋይ አባብሎ የሥዕሌን ቅጂ ወስዷል ብሎ ከሰሰ። እውነት ይሁን አይሁን ለስሙ ጉዳይ ለውጥ አላመጣም። የእንስሳት ስም አሰጣጥ ሕግ መጀመሪያ ማን አየ፣ ማን ሣለ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከ1758 ወዲህ በሁለት ቃል የተሠራ ስም መጀመሪያ ያሳተመው ማነው ብሎ ነው። ስለዚህ ቀበሮዋ ዛሬም ቩልፔስ ዜርዳ ናት፤ ከስሟ ጎን ያለው ዚመርማን፣ 1780 ነው። ለብሩስ የቀረው በተራው ሰው አፍ ፌኔክ የሚለው መጠሪያ ብቻ ነው።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። መሬቱን ለሃያ ዓመት ያረሰው አንድ ሰው ነው፤ ካርታ ያወጣው ግን ሌላ። መዝገብ ቤት ካርታውን ነው የሚያየው። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን መዝገብ ቤቱ ስለ ላብ መከራከር ቢጀምር አንድም ፋይል አይዘጋም።

ብሩስ በ1768 ግብፅ ገባ፤ በመስከረም 1769 ምጽዋ፣ በየካቲት 1770 ደግሞ ጎንደር ደረሰ። ጊዜው ክፉ ነበር። ራስ ስሑል ሚካኤል አፄ ኢዮአስን አስገድለው ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ ዘመነ መሳፍንት የምንለው መጀመሩ ነው። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ ጭምር ይዟል። ብሩስ የሐኪም ያህል የሚያውቀው ነገር ስለነበር ቁስቋም ገብቶ ሕሙማኑን አከመ፤ በዚህም የእቴጌይቱንና የራስ ሚካኤልን ባለቤት የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አገኘ። እንደሚጽፈው ከሆነ የራስ ፊል ገዢነት እስከመሾም ደርሷል። ስሙም ያዕቆብ ተባለ፤ ጄምስ ማለት ያው ያዕቆብ ነውና።

ብቻውን አልነበረም። ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ከቦሎኛ የመጣ ወጣት ጣሊያናዊ ሠዓሊ አብሮት ነበር። የዚህን ልጅ ስም ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

እንሰትን ብሩስ ያየው በጎንደርና ከጣና በስተደቡብ ባለው በሜጫ በኩል ነው። ሀዲያም ሆነ ከምባታ እግሩ አልረገጠም። ግን ተክሉ የደቡብ መሆኑን ሰምቷል፤ ከእናርያ እንደመጣና ሰዎች ይዘውት ወደ ሰሜን እንደወጡ ጽፏል። ቅጠሉን አይቶ ሙዝ ነው ብሎ አላለፈም። ፍሬው ለመብል እንደማይሆን፣ የሚበላው አካሉ እንደሆነ ልብ ብሎ፣ ሥዕሌን አይተው የሙዝ ዓይነት ነው የሚሉኝ ተሳስተዋል አለ።

እዚህ ላይ ሰውዬውን አደንቀዋለሁ። የሀዲያ እናቶች ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። ሙዝ ከሥሩ ቡቃያ እያወጣ ራሱን ይተካል። እንሰት ግን አምቾው ተቆርጦ፣ መሐሉ ተወግዶ፣ አፈር ውስጥ ካልተቀበረ ችግኝ እምብዛም አይሰጥም። አንድ ጊዜ ካበበ በኋላ ይሞታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከማበቡ በፊት ወይም ሲያብብ ቆርጦ ይፍቀዋል። ፍሬው ውስጥ ያለው ጥቁር ዘር ድንጋይ ነው። የኋላ ዘመን ሳይንስም ይህንኑ አረጋገጠ፦ የእንሰት መሠረታዊ የክሮሞዞም ቁጥር 9 ሲሆን የምንበላው ሙዝ 11 ነው።

በኅዳር 1770 ብሩስ ግሽ ዓባይ ደረሰና የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። አልነበረም። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር በ1618 ቦታውን አይቶ ጽፏል። ብሩስ የፓኤዝን ቅድሚያ አልቀበልም ብሎ ሙጭጭ አለ። ቀበሮዬን ነጠቁኝ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ይሄ።

በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ወጥቶ በስናር በኩል በረሃውን አቋርጦ፣ በ1774 ለንደን ገባ። ያመነው ሰው ግን ትንሽ ነው። በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱ መሳቂያ አደረገው። ዶክተር ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። ተቀይሞ ርስቱ ገባና ለ16 ዓመት ያህል መጽሐፍ ሳያወጣ ቆየ። በመጨረሻ በ1790 አምስት ቅጽ ያለው የጉዞ መጽሐፉ ወጣ። አምስተኛው ቅጽ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ነው፦ ጅብ፣ አሽኮኮ፣ ጤፍ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ እንሰት። ብዙዎቹን በአገሬው ስማቸው ነው ያስገባቸው።

ለኮሶ ግን ሳይንሳዊ ስም ልስጥ አለና ባንክሲያ አቢሲኒካ አለው፤ ለታላቁ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር። አስቀድሞ ግን፣ በ1782፣ የሊኔየስ ልጅ ያንኑ ስም ለአውስትራሊያ ቁጥቋጦዎች ሰጥቶታል። ሁለት ወገን በአንድ ስም አይጠራም፤ የኋለኛው ይወድቃል። በ1791 የጎቲንገኑ ጀርመናዊ ዮሐን ፍሪድሪሽ ግሜሊን ኮሶን ሃጌኒያ ብሎ ሰየመው፤ ሀገን የኮኒግስበርግ ሰው ነው። አያቶቻችን ለትል የጠጡት መድኃኒት ዛሬም ሃጌኒያ አቢሲኒካ ነው።

ያው ግሜሊን በዚያው ዓመት የብሩስን እንሰት ወስዶ ሙሳ ኤንሴቴ አለው። ሙሳ ማለት የሙዝ ወገን ነው። ተክሉን በዓይኑ ያየው ሰው ሙዝ አይደለም እያለ፣ መጽሐፉን ጎቲንገን ቁጭ ብሎ ያነበበው ሙዝ ነው አለ። ሳይንሳዊ ስም የኛ ስም ተገልብጦ ማለት ነው፤ የአባት ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ይከተላል። ግሜሊን እንሰትን የራሱን ስም ትቶለት የሙዝ ልጅ አደረገው።

ክርክሩ እልባት ያገኘው ብሩስ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በ1862 ሆራኒኖቭ የተባለ የሩሲያ ዕፅዋት ተመራማሪ እንሰትን ከሙዝ ለይቶ ኤንሴቴ የሚል የራሱ ወገን አቋቋመለት። ብዙ ሰው አልተከተለውም። በ1947 ግን የሙዝ ሊቅ የነበረው እንግሊዛዊው ቺዝማን ጉዳዩን እንደገና ከፍቶ መረመረና ብሩስ ልክ ነበር የሚያሰኝ ውሳኔ ላይ ደረሰ። መጽሐፉ ከወጣ 157 ዓመት በኋላ!

አሁን ወደ ጅቡ እንመለስ። ቺዝማን እንሰትን ወደ ኤንሴቴ ወገን ሲያስገባ በቅድሚያ ደንብ መሠረት የግሜሊንን ሁለተኛ ቃል ይዞ መሄድ ነበረበት። ያ ግን ኤንሴቴ ኤንሴቴ ይሆናል። የእንስሳት ሕግ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ይፈቅዳል፤ ጎሪላም ጎሪላ ጎሪላ ነው። የዕፅዋት ሕግ ግን ይከለክላል። ስለዚህ ቀጣዩን አንጋፋ ስም ፈለጉ። የተገኘውም ኦስትሪያዊው ቬልቪች ከአንጎላ ሰብስቦ በ1859 ሙሳ ቬንትሪኮሳ ያለው ተክል ነው። እሱና የኛው እንሰት አንድ ዝርያ ስለሆኑ ስሙ ወደኛ ጓሮ መጣ። ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ተክል፣ እንደ ምግብ የሚለማው ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ በአንጎላ የዱር ዘመዱ ስም ተመዘገበ።

ፍትሐዊ ነው? እኔ እንጃ ማለት አልፈልግም፤ አይደለም። ግን ሕጉ የተሠራው ለፍትሕ ሳይሆን ለጽናት ነው። ሆሳዕና ያለ ተመራማሪና ቶኪዮ ያለ ተመራማሪ ስለ አንድ ነገር እያወሩ መሆናቸውን እንዲያውቁ። ለእንስሳት ይህን የሚዳኘው በ1895 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ነው። ክርክር ሲነሣ ጉዳዩ ይታተማል፣ ባለሙያዎች አስተያየት ይሰጡበታል፣ ኮሚሽነሮቹ ድምፅ ይሰጣሉ። አንጋፋው ስም ተረስቶ አዲሱ ዓለምን ከለመደ፣ አዲሱ ይቆይ ብሎ የመወሰን ሥልጣንም አለው። ኮሚሽኑ በ2023 ስሞችን በሥነ ምግባር ምክንያት አልቀይርም ብሏል። የዕፅዋት ሰዎች ግን በ2024 ማድሪድ ላይ ተሰብስበው ለጥቁር አፍሪካውያን ስድብ የሆነውን ካፍራ የሚል ቃል ከ200 በላይ ከሆኑ ስሞች ላይ እንዲስተካከል ወስነዋል። ስለዚህ በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ አይደለም።

የአገር ስምም ቢሆን መግባት ይችላል። ከብሩስ 60 ዓመት ያህል በኋላ ሰሜንን የረገጠው ጀርመናዊው ሩፔል በ1835 ጭላዳን ጄላዳ፣ ዋልያን ዋሊ ብሎ በላቲኑ ውስጥ አስገባቸው፤ እስካሁን አሉ። ኤንሴቴም ከአማርኛው የተወሰደ ነው። በሀዲይሳ ተክሉ ዌሳ ነው። ብሩስ በጎንደር ፈንታ በዱራሜ ወይም በሆሳዕና በኩል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ወገኑ ዌሳ ተብሎ ይመዘገብ ነበር ብዬ አስባለሁ። ከዝርያ በታች ያሉትን እነ ጊምቦና ጊሽራን ገበሬው ራሱ በቅጠሉ አጥንት ቀለም፣ በበሽታ መቋቋሙ፣ በቆጮው ጥራት ይለያቸዋል፤ አንዱ ቀበሌ ያለው ስም ሌላው ቀበሌ ሲደርስ ይቀየራል። እዚያ ኮሚሽን የለም።

ባሉጋኒስ? ብሩስ በመጽሐፉ ላይ ልጁ ወደ ግሽ ዓባይ ከመሄዳችን በፊት ሞተ ብሎ ጻፈ። በባሉጋኒ እጅ የተጻፉት የጉዞ ማስታወሻዎች ግን በኅዳር 1770 ግሽ ላይ እንደነበረ ያሳያሉ። የሞተው ጎንደር ውስጥ በ1771 ነው። የተክሎቹንና የእንስሳቱን ሥዕሎች አብዛኛውን የሠራው እሱ ሆኖ ሳለ ብሩስ የራሱ አስመሰላቸው። ስለ አንዲት ቀበሮ ሥዕል ስዊድናዊውን በአደባባይ የከሰሰ ሰው፣ ጎንደር ላይ የቀበረውን ባልደረባውን ሥራ ዝም ብሎ ወሰደ። የዓባይን ምንጭ ብቻዬን አየሁ ለማለት የሰው ቀብር ቀን መቀየር ለኔ ከፓኤዙ ክህደት ይከፋል።

ብሩስ ሚያዝያ 27 ቀን 1794 ሞተ። ኪኔርድ ቤቱ እንግዶች ነበሩ፤ አንዲት እመቤት ወደ ሠረገላዋ ስትሄድ ሊያጅባት ደረጃ ሲወርድ ወደቀ። 63 ዓመቱ ነበር። ግሜሊን እንሰትን የሙዝ ልጅ ካደረገው ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ጥበብ ማዕከል ውስጥ፣ በባሉጋኒ ስም ተቀምጠዋል። በዕፅዋት መዝገብ ላይ ግን ኤንሴቴ ከሚለው ወገን ጎን የተጻፉት ባለቤቶች ሁለት ናቸው፤ ብሩስና ሆራኒኖቭ።