ዐፄ ሱስንዮስ፦ የዙፋን ሥልጣንና የሕዝብ እምነት

ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን የጨበጡት ከረጅም የሥልጣን ሽኩቻ በኋላ ነበር። አገዛዛቸውን የሚያጸና ኃይል ሲሹ ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን፣ በተለይም ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ተወዳጁ። ይህ ወዳጅነት ገና ከጅምሩ ተቃውሞ አስነሣ፤ በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከዐማፅያን ጋር ተሰልፈው በጦር ሜዳ ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። በ1625 የገቡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ካህናት ዳግም እንዲካኑ፣ ምእመናን ዳግም እንዲጠመቁ፣ ግዝረትም እንዲቀር አዘዙ። በዚህም የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት በየገበሬው ደጅ ደረሰ፤ ዐመፁም በየአውራጃው ተዛመተ።

በ1632 ሱስንዮስ ወይና ደጋ ላይ የላስታን ዐማፅያን ድል ነሡ፤ በሜዳው የወደቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ግን የገዛ ሀገራቸው ክርስቲያኖች ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ።

ከታሪካቸው የሚወጣው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። ንጉሡን የጣላቸው የጦር ሽንፈት አልነበረም፤ ግብርና ሠራዊት የሚያዝበት ዐዋጅ በሕዝቡ ሕሊና ላይ ሥልጣን እንደሌለው ያረጋገጠላቸው ድላቸው ራሱ ነበር።