ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፤ በስደት ነርስ የሆኑት የንጉሥ ልጅ

(ከኮሜርስ ሲቲ፣ ኮሎራዶ)

ባለፈው ሰሞን አውሮራ ውስጥ አንድ የምረቃ ድግስ ላይ ተገኝቼ ነበር። የአንድ ወዳጃችን ልጅ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ፣ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ እንደ ወጉም ንግግር ተደረገ። አንድ ተናጋሪ ስለ ፍሎረንስ ናይቲንጌል አወሱ። ደግ አደረጉ። በመካከሉ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ ልጅቷ እንዲህ ጎበዝ ከሆነች ለምን ዶክተር አልሆነችም፣ ለነርስነትስ አራት ዓመት ሙሉ ምን ይማሩለታል ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ወደ ኮሜርስ ሲቲ ስነዳ ሁለት ነገር ቆጨኝ። አንደኛው ለጥያቄው መልስ ማጣቴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ሁሉ ሐበሻ መካከል የራሳችንን ነርስ፣ ያውም እንደ እኛው ስደተኛ የነበሩትን፣ ያነሳ አንድ ሰው አለመገኘቱ ነው። እኔንም ጨምሮ።

ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው። (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ልዕልት ፀሐይ በጥቅምት 1919 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ያን ጊዜ ገና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ናቸው። ለሁለቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። ነገሩን ያገጣጠመው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የእንግሊዝ ፓርላማ የነርሶችን የምዝገባ ሕግ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የተመዘገበ ነርስ ለመባል ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ በመንግሥት መዝገብ መስፈር ግድ ሆነ። ከ20 ዓመት በኋላ ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት የንጉሥ ልጅ ስም በዚያ መዝገብ ላይ እንደሚሰፍር ማን ያስብ ነበር?

አባታቸው በ1930 ዘውድ ሲጭኑ ልዕልቷ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። የልጅነት ዘመናቸው የቤተ መንግሥት ነውና ብዙ አያቆየንም። ሕይወታቸው መልክ የያዘው በጥቅምት 1935 የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ በገባ ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ፋሻ ማዘጋጀት፣ ለዘማች ልብስ መስፋት፣ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከል ጭንብል መሥራት ሥራው ሆነ። የ16 ዓመቷ ልዕልት ከእነዚሁ ሴቶች ጋር ውለው ያመሹ ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልም ቢሆን ከተቋቋመ ገና ወራት ብቻ ነበር ያስቆጠረው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደሴ ላይ ሆስፒታል በቦምብ ተመታ። በወሩ መጨረሻ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን ተደበደበ። ከዚህም ጋር የሰናፍጭ ጋዝ መጣ፤ ባዶ እግሩን የሚዘምት ሠራዊት ላይ፣ ውሃ በሚቀዱ ሴቶችና በከብት ላይ ዘነበ። ልዕልት ፀሐይ በ1936 መጀመሪያ ይህንኑ ግፍ ለእንግሊዝ አገር ሴቶች በመልእክት አሰሙ። መልእክቱ በጋዜጦች ወጣ። መንግሥታቱ ግን ዝም አሉ። የዓለም መንግሥታትን ዝምታ እኛም ስለምናውቀው ማብራሪያ አያሻውም።

ግንቦት 2 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከኢየሩሳሌም እንግሊዝ። ሰኔ 3 ቀን ሎንዶን ሲገቡ ልዕልት ፀሐይ ከአባታቸው ጋር ነበሩ። እንግሊዝኛ ያውቁ ስለነበር ለአባታቸው አስተርጓሚም ሆኑ። ቤተሰቡ ባዝ ከተማ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባለው ቤት ተጠጋ። ቤቱ ሰፊ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም። ብርዱና እርጥበቱም ለእቴጌይቱ ጤና አልተስማማም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በስደት ላይ ያለች ልዕልት ምን ትሠራለች? ብዙ ዓይነት ስደተኛ መኳንንት አውሮፓ ውስጥ ነበር፤ የሩሲያውን ብቻ ማሰብ ይበቃል። በሰው ሳሎን እየተጋበዙ፣ የጠፋውን ዘውድ እያወሱ መኖር ይቻል ነበር። ለፖለቲካውም ቢሆን፣ በየስብሰባው ቀርበው የአገራቸውን በደል ማስረዳት በቂ ሥራ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ግን በዚያው በ1936 ሎንዶን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስ ተማሪ ሆነው ገቡ። ገና 17 ዓመት መሙላታቸው ነበር። የዚያ ዘመን የነርስ ተማሪ ኑሮ የሚታወቅ ነው። ሌሊት መነሳት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅና ሰገራ ማጽዳት፣ ዕቃ መቀቀል፣ ሙቀት መለካትና መመዝገብ፣ የበላይ ነርሷን ትእዛዝ ያለ ማንገራገር መቀበል። ባሪያና ገረድ በሞላበት ቤተ መንግሥት ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት። በእኛ ባህል የበሽተኛ ገላ ማጠብ የቤተ ዘመድ ወይም የሎሌ ሥራ እንጂ የትልቅ ሰው ልጅ ሙያ አልነበረም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚህ ዴንቨርና አውሮራ በየነርሲንግ ሆሙ በሲ ኤን ኤነት ናይት ሺፍት የሚሠሩ፣ አገር ቤት መምህርና ኃላፊ የነበሩ ወገኖቻችን ለዘመድ ሲደውሉ ሥራቸውን በስሙ መጥራት የሚከብዳቸው ለዚሁ አይደለም?

ሦስት ዓመት ተማሩ። በነሐሴ 1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ቀናት ሲቀሩት፣ በሕፃናት ነርስነት በመንግሥት መዝገብ ተመዘገቡ። ልዕልትነቱን በትውልድ አገኙት፤ ይሄኛውን ግን በፈተና ነው።

የዚያን አባት ጥያቄ እዚህ ላይ ልመልስ። ለነርስነት አራት ዓመት የሚማሩት መርፌ መውጋት አይደለም። መርፌውን በጥቂት ወር መልመድ ይቻላል። የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር በ1998 ለመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ባወጣው ሰነድ አምስት እሴቶችን አስቀምጧል፤ ከራስ በላይ ለሌላው ደኅንነት ማሰብ፣ ታማሚው ስለ ራሱ የመወሰን መብቱን ማክበር፣ የሰው ልጅን ክብር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ማኅበራዊ ፍትሕ። ከዚህ ጋር ተማሪዋ የምትሠራውን ሁሉ በጥናት በተረጋገጠ እውቀት ላይ እንድትመሠርት፣ ከአልጋው አልፋ የመንደሩን ጤና እንድትመለከት፣ የሐኪም ትእዛዝ የተሳሳተ ሲመስላት ዝም እንዳትል ትሠለጥናለች። እዚሁ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ አውሮራ የሚገኘው፣ በ1965 ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስ ከሐኪሙ ከሄንሪ ሲልቨር ጋር ሆነው ነርስ ራሷ መርምራ የምታክምበትን ትምህርት በአገሪቱ የመጀመሪያ አድርገው ጀምረዋል። አባትየው ዶክተር ሲመኙ፣ በቅርባቸው ያለው ትምህርት ቤት ነርስን ወደ ምርመራ ካስገባ 60 ዓመት አልፎታል።

እነዚህ አምስት ቃላት በ1930ዎቹ ሎንዶን በዚህ መልክ አልተጻፉም። ነገር ግን የሆስፒታል ድንኳን ሲደበደብ፣ ጋዝ ያቃጠለው ሰው ያለ መድኃኒት ሲሞት የሰማች ልጅ ማኅበራዊ ፍትሕ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ የሚያሻት አይመስለኝም።

ከተመዘገቡ በኋላ በዚያው ሎንዶን በጋይስ ሆስፒታል ሥራቸውን ቀጠሉ። አባታቸው በሰኔ 1940 ወደ ሱዳን ሄዱ፤ በጥር 1941 ኦሜድላ ላይ የአገራቸውን ምድር ረገጡ፤ ግንቦት 5 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልቷም በዚያው በ1941 ተመለሱ። ያገኙት አገር ተምሮ የተመዘገበ ኢትዮጵያዊ ነርስ የሌለው አገር ነበር ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ የነርስ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በ1950 አካባቢ ነውና፣ ልዕልት ፀሐይ ሙያውን ከአገሩ አስቀድመው ይዘው ነው የገቡት። የሴቶቹን ማኅበርም በፕሬዚዳንትነት መሩ።

በሚያዝያ 1942 አቢይ አበበን አገቡ። ባለቤታቸው የወለጋ ገዥ ነበሩና ወደ ነቀምቴ ሄዱ። አራት ወር አልሞላም። ነሐሴ 17 ቀን 1942 ልዕልት ፀሐይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ነቀምቴ አረፉ። 22 ዓመታቸው ነበር። የሕፃናት ነርስ ነበሩ፤ የራሳቸውን ልጅ ግን አላቀፉም። አስከሬናቸው አዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም፣ ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ባረፉበት ምድር ቤት ተቀበረ።

በሎንዶን ሲልቪያ ፓንክረስት በጸሐፊነት ያገለገሉበት ኮሚቴ ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። ዓመታት ፈጀ። ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በ1959 ደግሞ አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ፣ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ተቀጥረው ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። በወሊድ ችግር ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች ያዩት እዚያ ነው፤ በኋላ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ሥሩ ከዚያ ይመዘዛል። ዶክተር ካትሪን እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ መጋቢት 2020 አገራችንን አልለቀቁም። በ2007 የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን በመጀመሪያ ዲግሪ አሠልጥኖ ወደየመጡበት ወረዳ ይልካል። በወሊድ ሰበብ በሞቱ ሴት ስም ከተሠራ ቤት የወጣ ነገር ነው።

የሆስፒታሉ ስም ግን ዕድሜ አላገኘም። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ባለቤታቸውን ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበን በኅዳር 1974 ከስድሳዎቹ ጋር በጥይት ገደለ፤ ሆስፒታሉንም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለው። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ፣ የከተማው ባቡር ፌርማታ ጭምር፣ ጦር ኃይሎች ነው። የሚገርመው የእህታቸው የልዕልት ዘነበወርቅ ስም በሰፈርነት ተርፏል። እኔም በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርኩ ጊዜ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚል ዜና ስንት ጊዜ አርሜ አሳልፌያለሁ፤ የቀድሞ ስሙን አንድም ቀን በቅንፍ እንኳ አላስገባሁም። ማንም አልከለከለኝም። ትዝ ስላላለኝ ነው።

በጥር 2024 ጣሊያን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለኢትዮጵያ መለሰች። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በልዕልቷ ስም ፀሐይ ተብላ የተሰየመች ናት። ብዙ ተወራላት፣ ፎቶ ተነሳ። የተሰየመችላት ሴት ነርስ እንደነበሩ ግን ከስንት አንዱ ነው ያነሳው። አውሮፕላኗ ስሟን ይዛ ገባች፤ ሆስፒታሉ ስሙ አልተመለሰለትም።

ከድግሱ በኋላ በሳምንቱ ለተመራቂዋ ልጅ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ዘውዱም፣ ስለ አውሮፕላኗም ብዙ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችው ከነቀምቴ አዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ነው። ከ300 በላይ ነው አልኳት። ቀጥላ በዚያ ወቅት መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችኝ። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናትና፣ ነሐሴ በእኛ አገር ክረምት መሆኑን አስረዳኋት።